ልዑሉ ያልተቀመጠበት ወንበር

«ክቡራትና ክቡራን! ይህ ወንበር ተራ ወንበር አይደለም!»

ሐምራዊት ወንበሩ ሥር በጀርባዋ ተንጋላለች። ከዚያ ሆና የሚታያት የጋሽ ማንደፍሮ ጫማ ብቻ ነው፤ ሹል፣ ፊት እስኪያሳይ የተወለወለ። ጫማው ወደፊት ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ዞር ብሎ ይመለሳል። ሆላንድ ያለው የአበሻ ማኅበር ሊቀመንበር በሰፈሩ ሙዚየም ለነገው የኤግዚቢሽን ምርቃት ንግግር እየተለማመዱ ነው።

«ይህ ወንበር የአንድ ምስኪን ልዑል እንባ የተንጠባጠበበት...» ጫማው ቀጥ አለ። «ሐምራዊት፣ ‹የተንጠባጠበበት› ይሻላል ወይስ ‹የጎረፈበት›?»

«እዚህ ታች እንባ ካገኘሁ እነግርዎታለሁ» አለች።

«ጎበዝ፣ በርቺ!» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። ሽሙጡ አልገባቸውም። እሳቸው የሰው ንግግር የሚገባቸው ሲያሞግሷቸው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ በጆሯቸው ጥግ ያልፋል።

ሐምራዊት የስልኳን መብራት ወደ ፊተኛው እግር አዞረች። እግሩ ጫፍ ላይ ትንሽ የነሐስ ጎማ አለች። ቆሻሻዋን በሹራቧ እጅጌ ፈገፈገችው። ከጥቁሩ ሥር ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከእነሱም ቀጥሎ ቁጥር ብቅ አለ። ፎቶ አነሳችው። እዚያው እንደተንጋለለች ስልኳን ስትጎረጉር ቆየችና «ወይ ጉድ!» አለች ለራሷ።

ይሄን ሁሉ ጣጣ ያመጣው የታሪክ አስተማሪያቸው ሜኔር ፍራንክ ነው፤ ሆላንዶች አቶን «ሜኔር»፣ ወይዘሮን «ሜቭራው» ይላሉ። ሜኔር ፍራንክ በበጋም በክረምትም ሻርፕ ከአንገቱ የማይለይ፣ «ታሪክ» የሚለውን ቃል በጠራ ቁጥር ዓይኑ እንባ የሚያቀርር ሰው ነው። «ከየቤታችሁ አንድ የውርስ ዕቃ አምጡ» አለ። ሥራው ለሁለት ለሁለት ነው። አንዱ የዕቃውን ታሪክ ያወራል፤ ሌላው የዕቃውን ዓይነት፣ ዘመንና ሠሪ አጥንቶ ካርድ ላይ ይጽፋል፣ ከሥሩም ስሙን ያኖራል። ከዚያ ዕቃዎቹ በሰፈሩ ትንሽ ሙዚየም ለሕዝብ ይታያሉ።

ውርስ! የክፍሉ የሆላንድ ልጆች የብር ማንኪያ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የቅድመ አያት ፒፓ እያንጠለጠሉ መጡ። የሐምራዊት እናት ዓለምወርቅ እዚህ አገር የገባችው አንድ ፌስታል ይዛ ነው። ለሥራው አብራት የተመደበችው የፀዲም እናት እንደዚያው። «እኛ ምን እናምጣ? ፌስታሉን?» ብላ ሐምራዊት ስትስቅ ፀዲ አልሳቀችም። ሁለቱ ትራንስቫል በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ፣ ከልጅነት ጀምሮ ያልተለያዩ ጓደኛሞች ናቸው። ሐምራዊት ፀዲ ዝም ስትል ሁልጊዜ አንድ ነገር እያሰበች እንደሆነ ታውቃለች።

በዚያው ሰሞን ዓለምወርቅ ስልኳን ቤት ረስታ ወጣች። ሥራዋ ታውስዞርግ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረች አቅም ያነሳቸውን አሮጊትና ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታለብሳለች። ልጆቹ በትራም ወደ ባሕሩ ጠጋ ወዳለው የሀብታም ሰፈር ሄደው ስልኩን አደረሱላት። ሲመለሱ ጥግ ላይ ካለ ነጭ በር ፊት ለፊት የዕቃ ክምር አዩ። ሆላንዶች ግሮፍቫውል ይሉታል፤ ማዘጋጃ ቤት እንዲያነሳው ደጅ የሚወጣ አሮጌ ዕቃ ነው። ፍራሽ፣ መብራት፣ የተሰበረ መደርደሪያ። ፀዲ ከመካከሉ አንዲት አጭር ወንበር ጎትታ አወጣች። መደገፊያዋ ቁልፍ ቁልፍ እየተደረገ የተሰፋ አረንጓዴ ከፋይ ነው። እጀታ የላትም። እግሮቿ ጥቁር ቡናማ እንጨት ሆነው ፊተኞቹ ላይ ትንንሽ ጎማ አላቸው።

«አረ ፀዲ! ሰው ያየናል!» አለች ሐምራዊት።

«ይየና! እነሱ ጣሉት እንጂ እኔ አልሰረቅሁ።»

ትራም ውስጥ መቀመጫ ስላልነበረ ፀዲ ወንበሯን መሐል ላይ አስቀምጣ ፊጥ አለችባት። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው «ልዕልት ሆይ» አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፀዲ ግን ቀና ብላ፣ አገጯን ወደ ላይ አድርጋ፣ እውነትም ልዕልት መስላ ቤት ደረሰች። ውሸቱ የተፀነሰው እዚያች ትራም ላይ ነው።

ሰኞ ክፍል ፊት ቆማ ለቀቀችው። ወንበሩ የልዑል ዓለማየሁ ነው አለች። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ሕፃን ሳለ እንግሊዞች ወደ አገራቸው የወሰዱት፣ እዚያው በዐሥራ ስምንት ዓመቱ የሞተው ልዑል። አንዲት ደግ የሆላንድ አሮጊት መንገድ ላይ አስቁመው፣ «ልጆቼ፣ ይሄ የእናንተ ነው፤ ወደ ባለቤቱ ይመለስ» ብለው በእጃቸው ሰጡን አለች። ሜኔር ፍራንክ ሻርፑን ወደ ዓይኑ ሰደደ። አሮጊቷ ማን ናቸው፣ ወንበሩን ከየት አገኙት ብሎ የጠየቀ የለም። ሐምራዊት «ዛሬውኑ ይረሱታል» ብላ አፏን ዘጋች።

አልረሱትም። የፀዲ እናት እናትነሽ ሰምታ ለቤተክርስቲያን ሰው ነገረች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። እናትነሽ የወንበሩን እግር ስማ አለቀሰች። ጋሽ ማንደፍሮ ደግሞ ይባስ ብለው «ስለዚህ ወንበር አያቴ ነግረውኛል! አረንጓዴ መሆኑን ሳይቀር!» አሉ። የማኅበሩ ቴሌግራም ላይም ፎቶ ለጠፉ። ፎቶው ላይ የሚታዩት ራሳቸው፣ ክራባታቸውና ሆዳቸው ናቸው፤ ከኋላቸው አንድ የወንበር እግር ብቅ ብሏል። ሐምራዊት ያንን ፎቶ አጉልታ አየችው። የሚያስጠላት ማን እንደሆነ መለየት አቃታት። ውሸታሟ ጓደኛዋ? አልቃሻው አስተማሪ? ወይስ ሰምተው የማያውቁትን ያስታወሱት ሊቀመንበር?

አሁን ከወንበሩ ሥር ወጥታ አቧራዋን አራገፈችና ፀዲን በክንዷ ይዛ ወደ ሙዚየሙ ጓሮ አወጣቻት።

«አለቀልሽ» አለቻት።

«ምኑ?»

«ጎማዋ ላይ ያለው ቁጥር የእንግሊዞች የዲዛይን ምዝገባ ቁጥር ነው። እንደዚህ ዓይነት ቁጥር መስጠት የጀመሩት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ነው። የእኛዋ በሰንጠረዡ 1889 ላይ ትወድቃለች። ልዑሉ የሞተው በ1879 ነው። ገባሽ? ይቺ ወንበር ስትሠራ እሱ ከሞተ ዐሥር ዓመት አልፎታል።»

ፀዲ እጅ አልሰጠችም። «ጎማውን በኋላ ቀይረውትስ ቢሆን?»

«እሱንም አይቻለሁ። ቢቀየር ኖሮ እግሩ ላይ የድሮው ብሎን ቀዳዳ ይኖር ነበር። የለም። ከመቀመጫው ሥር ደግሞ በጋለ ብረት የተመታ ማኅተም አለ፤ ‹ሃርዌል እና ልጆች› ይላል። ዕቃቸው በካታሎግ የሚታዘዝ ፋብሪካ ናቸው። ይቺን የመሰለች ወንበር ገበያ ሙሉ ሠርተዋል።»

«ቢሆንም የቪክቶሪያ ዘመን ናት አይደል? የድሮ ናት!»

«ናት። ግን ለምን አጭር እንደሆነች፣ ለምን እጀታ እንደሌላት ታውቂያለሽ?» ሐምራዊት ሳቋ መጣ። «የእናቶች ጡት ማጥቢያ ወንበር ናት። ዙፋን ብለሽ ያስሳምሽው የጡት ማጥቢያ ወንበር ነው!»

ፀዲም ሳትወድ ፈነዳች። ሁለቱም ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ከዚያ የፀዲ ሳቅ ድንገት ተቋረጠ።

«ሙድ አትያዢብኝ» አለች። «ማንን ጎዳሁ? ሜኔር ፍራንክ ስለ እኛ አገር የሚያውቀው ረሃብ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ልዑል አወራ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤቴ መጣች። ታውቂያለሽ? ‹ሆላንድኛዬ ደካማ ነው፣ አሳፍርሻለሁ› እያለች መጥታ አታውቅም!»

«እና ለዚህ ብለሽ የሞተ ልጅ ጎትተሽ ከቆሻሻ ባነሳሽው ወንበር ላይ ታስቀምጪዋለሽ? እናትና አባቱ ሞተውበት፣ ሰው አገር ብቻውን ያለቀ ልጅ እኮ ነው። ታስጠዪያለሽ!»

ፀዲ ፊቷ ቀላ። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሺ፣ አትዋሺ። እውነቱን ጻፊ። ግን ሁሉንም አትጻፊ። ‹ወንበር፣ እንግሊዝ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን› በዪና ተዪው። ይሄ ውሸት ነው?»

ውሸት አይደለም። ክፋቱ እሱ ነው። ሐምራዊት ማታ ቤቷ ሆና ካርዱን ልክ እንደዚያ ጻፈችው፤ ሦስት ነገር ብቻ፣ ከሥሩ ስሟ። እውነት ነው፣ ግን እንደዚያ የሚያሳፍር እውነት ጽፋ አታውቅም። እጥፍ አድርጋ ኪሷ ከተተችው።

በማግስቱ ከምርቃቱ በፊት አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሜኔር ፍራንክ አበባ ያስተካክላል። እናትነሽና ሁለት ሴቶች ዳቦ ይቆርሳሉ። ጋሽ ማንደፍሮ ማይክ ይዘው «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላሉ፣ ማይኩ ሳይበራ። ወንበሩ መሐል ላይ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ጨርቁን ያመጡት ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው፤ ገልጠው ሊያስጨበጭቡ።

ዓለምወርቅ ከሥራ በቀጥታ መጣች። ከጃኬቷ ሥር ነጩ የሥራ ልብሷ ይታያል። ወንበሩን እስከዛሬ አላየችውም፤ ፈረቃዋ መች ጊዜ ሰጥቷት?

«እስቲ ይሄን ጉድ የተባለለትን ልየው» ብላ የጨርቁን ጫፍ ከፍ አደረገች።

ፊቷ ተለወጠ። ጨርቁን አልለቀቀችውም። አንዴ እግሩን፣ አንዴ ከፋዩን አየች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«የት ነው ያገኛችሁት?»

«እማ፣ ስልክሽን ያመጣንልሽ ቀን...»

«ጥግ ላይ ያለው ነጭ በር? የግሮፍቫውል ክምር ላይ?»

ሐምራዊት ራሷን ነቀነቀች። ዳቦ ይዛ ስታልፍ የነበረችው ፀዲ ባለችበት ቆመች።

«ይሄማ የሜቭራው ሃርምሰን ወንበር ነው» አለች ዓለምወርቅ። «ከመሞቷ በፊት አራት ዓመት ያጠብኳት፣ ያለበስኳት አሮጊት። ጠዋት ጠዋት እዚህ ላይ ትቀመጣለች። እኔ እዚህ፣ ፊቷ፣ መሬት ላይ ተንበርክኬ ያንን እግር እንዳያብጥ የሚደረግ ጠባብ ካልሲ በግድ ጎትቼ አለብሳታለሁ። አንድ ቀን ወገቤን ቆረጠኝ። እሷ መታጠቢያ ቤት ነበረች። ደቂቃ ልረፍ ብዬ ቁጭ አልኩ።»

ሐምራዊት እናቷ ስለ ሽማግሌ ስታወራ «እሳቸው» ሳትል ቀርታ ሰምታ አታውቅም። ዛሬ «እሷ» ብቻ ነው የምትለው።

«ከዚያስ?»

«መጣች። ‹ይሄ ለአንቺ መቀመጫ አይደለም› አለችኝ። አልጮኸችም፣ ቀስ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ጨርቅ አምጥታ፣ እያየኋት፣ የተቀመጥኩበትን ጠረገችው። ለእግሯ ግን እጄን አልተጠየፈችም!» ዓለምወርቅ በአፍንጫዋ ሳቀች። «ሞተች። ልጆቿ ገና ሳልስቷ ሳይወጣ ደጅ ጣሉት። እናንተ ደግሞ አንስታችሁ ቀይ ጨርቅ አለበሳችሁት። በሉ፣ ደግ አደረጋችሁ!»

ሐምራዊት ፀዲን አየቻት። «ደግ የሆላንድ አሮጊት» ያለቻት ፀዲ፣ «የእናንተ ነው ብለው በእጃቸው ሰጡን» ያለችው ፀዲ፣ የዳቦውን ሰሃን አቅፋ ወለሉን ታያለች። ጆሮዋ ሳይቀር ቀልቷል። ሐምራዊት ልታዝንላት ሞከረች፣ አልሆነላትም። ተናድዳለች። በሜቭራው ሃርምሰን፣ በፀዲ፣ ከሁሉም በላይ ኪሷ ውስጥ ባለችው ሦስት ነገር ብቻ በያዘች ካርድ።

«ሐምራዊት፣ ካርዱ የት አለ?» አለ ሜኔር ፍራንክ በሆላንድኛ። «ሰው ሊገባ ነው።»

«አዲስ ካርድ ስጠኝ» አለችው። «ያኛውን አበላሽቼዋለሁ።»

መስኮቱ ጋ ቆማ ጻፈች። ብዙ አላሰበችም። ጽፋ ስትጨርስ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቀጥታ ወደ ወንበሩ ሄደች። ቀዩን ጨርቅ ገፈፈችና ወለሉ ላይ ጣለችው።

«እማ፣ ተቀመጪ።»

«ምን?»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

«አረ! አረ! ምን እያደረግሽ ነው?» ጋሽ ማንደፍሮ ማይካቸውን እንደያዙ ተንደረደሩ። «ወይዘሮ ዓለምወርቅ፣ እንዳይሞክሩት! የልዑል ዙፋን ነው! አያቴ እንኳ ሲነግሩኝ...»

«ጋሽ ማንደፍሮ» አለች ዓለምወርቅ፣ ጃኬቷን አውልቃ ለልጇ እየሰጠች። «እኔ ይሄን ወንበር ከአያትዎ በተሻለ አውቀዋለሁ።»

ተቀመጠች። ወንበሩ አጭር ስለሆነ ጉልበቷ ወደ ላይ ወጣ። ነጩ የሥራ ልብሷ አረንጓዴው ከፋይ ላይ ተዘረጋ። እናትነሽ ቢላዋዋን እንደያዘች ቀረች። ሜኔር ፍራንክ «እባክሽ፣ የኤግዚቢሽን ዕቃ ላይ...» ብሎ ጀመረና የሐምራዊትን ዓይን ሲያይ ተወው። ዓለምወርቅ ወደ ግራ ተመቻቸች፣ ወደ ቀኝ ተመቻቸች፣ ፊቷን አኮማተረች።

«ለዚህ ነው እንዴ?» አለች። «ሞላው እኮ ይወጋል!»

አልተነሳችም ግን። ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ወደፊት ዘረጋች።

ጋሽ ማንደፍሮ ካርዱን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ በኋላ ቆመ። ማይኩን አስቀመጡ። «ንግግሩን... አጠር ማድረግ ሳይሻል አይቀርም» አሉ።

«አያትዎ የጡት ማጥቢያ መሆኑን ነግረውዎት ነበር?» አለች ሐምራዊት። እሳቸው ዞር አሉ። በሹል ጫማቸው ወደ ዳቦው ሄዱ።

ሐምራዊት ካርዱን ወስዳ ለሜኔር ፍራንክ አልሰጠችውም። ለፀዲ ዘረጋችላት። ፀዲ ሰሃኑን አስቀምጣ ተቀበለቻት። እንዲህ ይላል፦

«የጡት ማጥቢያ ወንበር። እንግሊዝ፣ ዋልነት እንጨት፣ ከ1889 ወዲህ። ሠሪ፦ ሃርዌል እና ልጆች። ልዑል ዓለማየሁ አልተቀመጠበትም። ዓለምወርቅም እንድትቀመጥበት አልተፈቀደላትም፤ አራት ዓመት ፊቱ ተንበርክካ ለባለቤቱ ካልሲ አልብሳለች። ዛሬ ተቀምጣበታለች። ከቆሻሻ ላይ ያነሱት፦ ሐምራዊት እና»

ከ«እና» በኋላ ባዶ ነው።

«ቀሪውን አንቺ ታውቂያለሽ» አለች ሐምራዊት። «ከፈለግሽ ቅደጂው። ሌላ ግን አልጽፍም።»

ፀዲ ካርዱን ደግማ አነበበች። ዓይኗ ዳቦ ወደምትቆርሰው እናቷ ሄደ፣ ከዚያ እግሯን ዘርግታ ወደተቀመጠችው ዓለምወርቅ። በሩ ተከፈተ፣ የሰው ድምፅ ገባ። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና እጇን ወደ ሐምራዊት ዘረጋች።

«እስክሪብቶሽን ስጪኝ» አለች።